ኮሌታው ላይ የቀረው ሒሳብ

መስከረም 3 ቀን 2017፣ ዓርብ

ዛሬ አሥራ አንድ ሸሚዝ። ወገቤ የኔ አይመስለኝም። የአምቦ ወላጅ ክረምቱን ሙሉ የዩኒፎርሙን ጨርቅ ሳጥን ውስጥ አስተኝቶ ይከርምና ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ባንድ ቀን ይነቃል። "አዴ ሙሉወርቅ፣ ለሰኞ አደራ።" ለሰኞ ያላለኝ የለም። ሰኞ አንድ ናት፣ እኔም አንድ ነኝ።

ለንሳ ኮሌታ እየቆረጠች ታግዘኛለች። እጇ ቀጥ ያለ ነው፣ ከኔ ይሻላል። አንድ አመል ብቻ አላት፤ የልክ ወረቀቶቼን በእርሳስ ትሞነጫጭራለች። ጨርቅ ላይ አድርጌ ዙሪያቸውን የምቆርጥባቸውን ማለቴ ነው። የጀርባና የደረቱን ከጋዜጣ፣ የኮሌታና የኪሱን ከአሮጌ ደብተር ነው ያወጣኋቸው። "እርሳሱ ነጭ ጨርቅ ላይ ይጋባል እኮ" ብዬ ተቆጣኋት። "እሺ እማዬ" አለች። ለዚች ልጅ እሺ ማለት አይከብዳትም።

መስከረም 8፣ ረቡዕ

ፎርም መጣ። ለንሳ አሥራ አንደኛ ገብታ የለ፤ ወይ ናቹራል ወይ ሶሻል ብላ መምረጥ አለባት። ሒሳቡም ሁለት ዓይነት ነው አሉ። የናቹራሉ ጠለቅ ያለ፣ የሶሻሉ ቀለል ያለ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናም በመረጡት ነው፤ ወዲያ ማዶ ከገቡ መመለሻ የለም። ከታች "የወላጅ ፊርማ" ይላል። ለሰኞ ይመለሳል። ይኸው ደግሞ ሰኞ።

"ምን ልትመርጪ ነው?" አልኳት።

"አንቺ ምን ትያለሽ?"

ጥያቄን በጥያቄ መመለስ ከአባቷ የወረሰችው ነው። ገቢሳ ነፍሱን ይማረውና በላህ ወይ ሲሉት አንቺስ ይል ነበር። እሱ ቢኖር ይህን ፎርም ለሱ እሰጠው ነበር። እኔ በማታ ትምህርት ስምንተኛ የደረስኩ ሴት ምኑን አውቄ ነው።

መስከረም 10፣ ዓርብ

ከጎኔ ክርና ቁልፍ የምትሸጠው ጥሩነሽ ፎርሙን አየችው። "ጎበዝ ልጅ ናቹራል ነው፤ ሶሻል የሰነፍ መጠለያ ነው" አለችኝ ቁልፍ እየቆጠረች። ልክ የዛሬ ሦስት ዓመት በታላቅ ወንድሟ በሞቲ ጊዜ እንዳለችው። ያኔ ደግሞ "ወንድ ልጅ ሶሻል ገብቶ ምን ሊሆን ነው፣ ተረት ሊያወራ?" ነበር ያለችው።

ሞቲ ጂኦግራፊ ነበር የሚወደው። ከዚህ እስከ ጌዶ ያለውን ወንዝ ሁሉ ስሙንም መነሻውንም ያውቃል። ናቹራል ገባ። የአሥራ ሁለተኛ ውጤት የመጣ ጊዜ ሦስት ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አሁን ጌዶ የጭነት መኪና ረዳት ነው። ጥሩነሽ "ሥራ አግኝቶ ሄደ" እያለች ነው የምታወራው። እኔም አላረምኳትም።

አንድ ልጅ ይበቃኛል። ሁለተኛውን አልደግምም።

መስከረም 12፣ እሑድ

ከጸሎት ስንመለስ ለንሳን ከጎኔ አስቀምጬ ነገርኳት። ወንድምሽን ያየሽው አይበቃም ወይ አልኩ። ሶሻል ሰላም ነው፤ ሒሳቡ አይጨቁንሽም፤ እዚሁ አምቦ አካውንቲንግ ተምረሽ ማታ ማታ እቤትሽ ትገቢያለሽ። ይህን ስል ለራሴ ብዬ አይደለም።

"ሞቲ ሞቲ ነው" አለች፣ ቀስ ብላ።

"እንዴት ማለትሽ ነው?"

"ምንም። እሺ እማዬ።"

ራሷ ሞላችው። "ሶሻል" ብላ ስትጽፍ እጇ እንደ ኮሌታ መቁረጡ ቀጥ አላለም። ፈረምኩ። ቀለለኝ። እውነት ለመናገር ከውጤቱ ቀን ወዲህ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም። ቡና እንኳን ሳልጠጣ ተኛሁ።

መስከረም 20፣ ሰኞ

ሶሻል እንዴት ነው ስላት "ጥሩ ነው፤ የሒሳቡን መጽሐፍ ጨረስኩት" አለች። የዓመቱን ባንድ ሳምንት። ጎበዝ አይደለች፣ ቀለል ያለ ነው ብያት አልነበር?

የኪሱ ወረቀት ጀርባ ደግሞ በእርሳስ ሞልቷል። ልጥለው አሰብኩ፤ ግን ልኩን የጠበቀ ሌላ የለኝም።

ማታ ማታ ዝም ትላለች። ዕድሜዋ ነው።

መስከረም 27፣ ሰኞ

መምህር ሌንጂሳ ሁለት ሱሪ ይዘው መጡ። አምና ለንሳን ሒሳብ ያስተማሯት ናቸው። ወገቡ ሰፋኝ አሉ። "ሱሪው አልሰፋም፤ እርስዎ ነዎት የከሱት" ብላቸው "ሰባ አምስት ልጅ ባንድ ክፍል ያስተማረ ሰው አይከሳም እንዴ?" ብለው ሳቁ። ወገባቸውን ስለካ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የኪስ ወረቀት አነሱ። አገላበጡት። መነጽራቸውን አወጡ።

"ይሄ የማን ነው?"

"የሞቲ የድሮ ደብተር ነው።"

"በእስክሪብቶ የተጻፈውን አይደለም። በእርሳስ ያለውን ነው የጠየቅኩት።"

የተቆጡ መስሎኝ ልጅቷ አመል አለባት ምናምን አልኩ። እሳቸው አልሰሙኝም። "እስክሪብቶው ሦስተኛው መስመር ላይ ተሳስቷል። እርሳሱ እሱን አርሞ ቀጥሏል። እዚህ ጋ መቀሱ ወስዶታል፣ ያዩታል? እሷ ገልብጣ ጀርባው ላይ ጨርሳዋለች።" ከዚያ ኮሌታውን አነሱ። ከዚያ ሁለተኛውን ኮሌታ። ሱሪ ሊያስጠብቡ የመጡ ሰው የኮሌታ ወረቀት እንደ ጋዜጣ ቁጭ ብለው አነበቡ።

"ይሄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው አዴ ሙሉወርቅ። ማንም አላስተማራትም። ናቹራል ክፍል ሳጣት ትምህርት ቤት ቀየረች ብዬ ነበር።"

"ሶሻል ናት።"

"ማን መረጠላት?"

"ራሷ" አልኩ።

ራሷ ናት እኮ የጻፈችው።

መነጽራቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "ዝርዝሩ ገና ለዞን አልተላከም። የሱሪውን ነገር ተዉት፤ ነገ ትምህርት ቤት ይምጡ" ብለው ሄዱ። ወገባቸውን ስንት እንደለካሁ ጠፋኝ።

መስከረም 28፣ ማክሰኞ

ምክትል ርዕሰ መምህሩ በደንብ ተቀበሉኝ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ናቹራል ሞልቷል። ከዚያ ወደ ሶሻል መምጣት የምትፈልግ ልጅ ከተገኘች ግን ቦታ ይለዋወጣሉ፤ የሁለቱም ወላጅ እዚሁ ቀርቦ ይፈርማል። ዝርዝሩ የሚላከው ጥቅምት 8፣ ዓርብ ነው። አሥር ቀን። አሥር ቀን ብዙ ነው ብዬ ወጣሁ።

ለለንሳ ስነግራት "እውነት?" አለች። ከዚያ ሳህን ልታጥብ ገባች፤ እያጠበች ስታንጎራጉር ሰማኋት። መቼ ነበር መጨረሻ የሰማሁት? ክረምት ላይም አይመስለኝም።

ጥቅምት 1፣ ዓርብ

እግዜር ይስጠው፣ ፍለጋ ሳልወጣ እቤቴ መጣልኝ። ከጊንጪ በላይ ካለችው ከጎጆ ከተማ የመጣች ዱሬቲ የምትባል ልጅ ከኋላችን ክፍል ተከራይታ ትማራለች፤ ቀሚሷን ላስረዝም ብላ መጣች። ናቹራል ናት። እንዴት ነው ብላት ዓይኗ እንባ ሞላ። "ፊዚክስ ሲደርስ ሆዴን ያመኛል" አለችኝ። አባቷ ኦቦ ኤጄታ ልጄ ሐኪም ትሆናለች ብለው ለጎጆ ሰው ሁሉ አውርተዋል። "እኔ ብነግራቸው አይሰሙኝም፤ ትልቅ ሰው ሄዶ ቢነግራቸው ግን..." አለችና አየችኝ።

ስልክ ይኖራል፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። እሑድ እሄዳለሁ አልኳት። ለንሳም ሰማች።

ጥቅምት 3፣ እሑድ

አልሄድኩም። ከጊንጪ በላይ መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪና አይወጣም አሉ። ማን እንዳለኝ አሁን አላስታውስም።

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

የመዘምራን ልብስ። ሃያ ሁለት። ለቅዳሜ።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ጠዋት ስነሳ ጫማዬ ተጠርጎ በር ላይ ተቀምጧል። ለንሳ ናት። ደብተሯን ይዛ ወጣች። እኔ ጫማውን አልፌ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ምን ብዬ ነው የምጀምርላቸው? የማያውቁኝ ሰው ናቸው። "ልጅዎ ሐኪም አትሁን" ልል ነው ሁለት መኪና ቀይሬ የምሄደው? አንቺ ማን ነሽ ቢሉኝስ? ሞቲን ማንሳት ሊኖርብኝ ነው። ሰው ፊት እንዲህ አደረግሁ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

ነገ።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

መብራት ጠፋ። አሥራ አራት ቀረኝ። ጫማው ዛሬም በር ላይ ነው፤ የትናንት አቧራ እንኳን ተጠርጎለታል።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ፣ ጊንጪ

የአምቦ መኪና እስኪሞላ እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው። ትናንት ሄድኩ። መንገዱ ደረቅ ነበር።

ኦቦ ኤጄታ ድንች ሲያስቆፍሩ አገኘኋቸው። ረዥም ሰው ናቸው፤ ጎንበስ ሲሉ እንኳን ረዥም ናቸው። "አካም ኦልታን" ተባባልን። ከአምቦ ነው የመጣሁት ስላቸው መቆፈሪያቸውን ጣሉት።

"ልጄ ምን ሆነች?"

"ደህና ናት። በሁለት ልጆች ጉዳይ ነው የመጣሁት።"

"ሁለት? እኔ አንድ ነው የላክሁት።"

ቤት አስገቡኝ። ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል፤ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጡኝ። ነገሩን ከመንገድ ጀምሬ ስዞር ቆየሁ፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ በጉ። ትዕግሥተኛ ናቸው፤ ግን ትዕግሥትም ያልቃል። "እንግዲህ አዴ፣ ሐኪም አትሆንም ሊሉኝ ነው የመጡት?" አሉ።

"ስለሷ እኔ አላውቅም። ስለኔ ልጅ ልንገርዎት" አልኩ።

ነገርኳቸው። ሞቲ እንዴት እንደለመነኝ። "ጂኦግራፊ ብለህ ብትመጣ ደብተርህን ምድጃ ውስጥ ነው የምከተው" ማለቴን። ሁለት ዓመት ያልገባውን ሒሳብ በሚያምር ጽሑፍ ሲገለብጥ እኔ ጽሑፉን አይቼ ገብቶታል ማለቴን። ከዚያ ግድግዳ ያየባቸው ሦስት ቀኖች። በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ ቆሜ "ሰው ፊት አዋረድከኝ" ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን እዚህ ደብተር ላይ እንኳን ጽፌው አላውቅም። በነጋታው ነው ጌዶ የሄደው።

ኦቦ ኤጄታ ድንች ልጠው ሰጡኝ። "ይብሉ፣ ይበርዳል።" ለራሳቸውም ላጡ፤ ግን አልበሉትም። "ለካ ለናቷ ነግራት ነበር" አሉ። "እናቷ ደግሞ እኔን ፈርታ። በገዛ ቤቴ ዜና የሚደርሰኝ በአምቦ በኩል ነው።" ከዚያ፣ "ቶሌ፣ እሺ። እፈርማለሁ።"

እጃቸውን ልስም ነበር። "እንግዲያው ነገ በጠዋት አብረን እንውረድ" አልኩ።

"ነገ አይሆንም። የጎረቤቴ እናት ዛሬ ዐርፈዋል፤ ነገ ቀብር ነው። እዚህ አገር ቀብር ጥሎ የወረደን ሰው በተራው ማን ይቀብረዋል? ሰኞ እመጣለሁ።"

"ዝርዝሩ ነገ ነው የሚላከው።"

አዩኝ። አስተያየታቸው ንቀት አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። "ታዲያ ምነው ትናንት አልመጡም? ትናንት እኮ እዚሁ ድንች ሳስቆፍር ነበር። እሑድም እዚሁ ነበርኩ።"

መኪናው ሞላ።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ኦቦ ኤጄታ ቃላቸውን ጠብቀው በማለዳ ከች አሉ። ምክትሉ ሁለታችንንም አስቀመጡን። ዝርዝሩ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተልኳል። "ይጠብቁኝ ብዬ ዓርብ ለምኜዎታለሁ እኮ" አልኩ። እውነት ነው፤ ከመኪና ወርጄ በቀጥታ ሄጄ ነበር። "ጠበቅን አዴ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የጠበቅነው" አሉኝ። መምህር ሌንጂሳ ቆመው ተከራከሩ። ወደ ዞን ተደወለ፤ የዞኑም ወደ ላይ አልፏል።

በሩ ላይ ዱሬቲ አባቷን ስታይ መጀመሪያ ፈገግ አለች። ከዚያ ፊታቸውን አየች። ጎንበስ ብለው በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሏት፤ እኔ እንዳልሰማ ራቅ አልኩ። አንዲትን ልጅ ላድን ሄጄ ሁለት ልጅ በር ላይ አስቀረሁ። ከዞን ዝርዝርና ከጎጆ ቀብር ጋር ምን አጣላኝ? በእጄ የነበረው እሑድ ነበር። ሰኞም ነበር። ማክሰኞም፣ ጫማውም።

መምህር ሌንጂሳ ለለንሳ፣ "ሶሻል ክፍት ክፍለ ጊዜ ሲኖረው እኔ ክፍል መጥተሽ ከኋላ ተቀመጪ" አሏት። "ፈተናው ግን ያው የሶሻሉ ነው። እሱን አልዋሽሽም።"

ወደ ቤት ስንሄድ ክንዴን ያዘችኝ። "ግድ የለም እማዬ። ሄደሻል እኮ" አለች።

ብትጮህብኝ ኖሮ።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ሞቲ ጋ ደወልኩ። ጌዶ ገበያ ነው፤ ከብት ይጮሃል፣ ሰው ይጮሃል። ስለ ለንሳ ነገርኩት። ከዚያ፣ "ደብተሮችህን ቆርጬአቸዋለሁ" አልኩት።

"የትኞቹን?"

"የሒሳቦቹን። ኮሌታና ኪስ አወጣሁባቸው።"

"ለለንሳ ስጫት ብዬሽ ነበር እኮ" አለ።

ብሎኛል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጧቸው፣ በገዛ አፉ፣ "እኔ አልገባኝም፤ እሷ ይገባታል፤ ለሷ ስጫት" ብሎኝ ነው የሄደው። እዚህ ደብተር ላይ "ከአሮጌ ደብተር" ብዬ ነው የጻፍኩት። አሮጌ አልነበሩም። በሽታ የገባበት ልብስ ሆኑብኝና ለሷ እንዳይተርፉ እሱ በሄደበት ቀን ነው መቀስ ያነሳሁት። ለንሳ ከጎኔ ቆማ ታየኝ ነበር።

"የኔ ትክክል ነበር?" አለኝ ሞቲ።

"ሦስተኛው መስመር ላይ ተሳስተሃል አሉ። እሷ አርማዋለች።"

ሳቀ። የሳቀው ሳቅ የድሮው ነው። "አላልኩሽም?" አለ። ከዚያ ሹፌሩ ጠራው። ልለው የፈለግሁት ሌላ ነበር፤ "ልብስ ደርብ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

የልክ ወረቀቶቼን በሙሉ ሰበሰብኩ። ኮሌታ፣ ኪስ፣ የእጅጌ ጫፍ፣ ከጠረጴዛው ሥር የወዳደቀው ቁርጥራጭ ሳይቀር። መሬት ላይ ዘርግቼ ጫፍ ለጫፍ አገጣጠምኳቸው። ያልገባኝን ነገር በቅርጹ ነው ያገጣጠምኩት፣ ጨርቅ እንደሚገጣጠም። ከዚያ በመኪና ሰፋኋቸው። ወረቀት ሲሰፋ ስፌቱን ካላራዘሙት እንደ ቴምብር ጫፍ ይቀደዳል፤ የመጀመሪያው ተቀደደብኝ፣ ከዚያ ለመድኩት። አሥራ ዘጠኝ ቅጠል ወጣው።

ለንሳ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሰጠኋት። ቁጭ ብላ ገለጠችው። በስፌቱ ላይ ጣቷን አስኬደች።

"ይሄ እኮ የኮሌታ ልክሽ ነው። በምን ልትቆርጪ ነው?"

"ጋዜጣ አለ።"

ገለጠች፣ ገለጠች፣ አንዱ ጋ ቆመች። መሃሉ ባዶ ነው። የትንንሾቹ ሸሚዝ ኮሌታ የወጣበት ነው፤ መስከረምን ሙሉ ስቆርጥበት አልቆ ጥዬዋለሁ። እሱን ፈልጌ አጣሁት አልኳት። የፈለግሁትማ ቆሻሻ ውስጥ ሳይቀር ነው።

"እሱን በቃሌ አውቀዋለሁ" አለች። "ባዶ ወረቀት አለሽ?"

በዚህ ደብተር መጨረሻ አሥራ ስድስት ያልተጻፈባቸው ቅጠሎች አሉ። ይህን መስመር ስጨርስ በመቀስ ሳይሆን በእጄ፣ ከስፌቱ ላይ ቀስ ብዬ አወጣቸውና እሰጣታለሁ። እርሳሷን ቀርጻ እየጠበቀችኝ ነው።